ለንግግር እክል የሚሆን የስልክ መገልገያ እንዴት ይመረጣል? ለድሬዳዋ ቤተሰቦች የተዘጋጀ ንጽጽር

መናገር ለማይችል፣ ወይም ንግግሩ ለሌላ ሰው ለማይገባ የቤተሰብ አባል ስልክ ወይም ታብሌት ለመግዛት ታይዋን ገበያ የሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው የዕቃውን ዋጋና የሚሞሪውን መጠን ነው፤ መተግበሪያውን «እሱ ቤት ገብቶ ይጫናል» ብሎ ለመጨረሻ ያቆየዋል። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ስልኩ በየትኛው ቋንቋና በማን ድምፅ እንደሚናገር ነው፤ ቀጥሎ ተጠቃሚው ስክሪኑን በጣቱ፣ በዓይኑ ወይስ በአንድ ቁልፍ እንደሚያዝ፤ ከዚያ መተግበሪያው ይመረጣል፤ ዕቃው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። በውጭ አገር የሚጻፉ መመሪያዎች የቋንቋውን ጥያቄ እንደተመለሰ ስለሚቆጥሩት እምብዛም አያነሡትም፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ ግቢ በሚነገሩበት በድሬዳዋ ግን ምርጫውን ሁሉ የሚወስነው ይኸው ጥያቄ ነው።

የተጠቃሚው ሁኔታ

የንግግር እክል አንድ ዓይነት አይደለም። ከስትሮክ በኋላ ሐኪሞች አፌዥያ የሚሉት ችግር የገጠመው ሰው ቃል ብቻ ሳይሆን ማንበብና መጻፍም አብሮ ሊጠፋበት ስለሚችል፣ «ይጽፍበታል» ተብሎ የተገዛለት ስልክ ላይጠቅመው ይችላል። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ የሚነገረውን ሁሉ እየተረዳ የአፉና የእጁ ጡንቻ አልታዘዝ ሊለው ይችላል፤ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ደግሞ ጣቱ ስክሪኑ ላይ ፈጣን ሆኖ ንግግሩ ያልመጣ ሊሆን ይችላል። ማንቁርቱ በቀዶ ሕክምና የወጣ ሰው ማንበብም መጻፍም እንደ ቀድሞው ይችላል፤ የጠፋው ድምፁ ብቻ ነው። መስማት የተሳነው ሰው ጉዳይ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ የእርሱ ቋንቋ የምልክት ቋንቋ ስለሆነ እዚህ የማነጻጽራቸው መገልገያዎች ለእርሱ ተብለው የተሠሩ አይደሉም።

አንድ ሌላ ነገር በዚህ ከተማ መዘንጋት የለበትም። ከአንድ በላይ ቋንቋ የሚናገር ሰው ስትሮክ ሲመታው ቋንቋዎቹ እኩል ላይጎዱ፣ እኩልም ላያገግሙ ይችላሉ። ከዚራ አካባቢ የማውቃቸው አንድ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ ከሕመማቸው በኋላ የአማርኛ ስሞች ሲያመልጧቸው ቁጥርና የወርክሾፕ ዕቃ ስሞች በፈረንሳይኛ ይመጡላቸው ነበር። ልጃቸው በስልኩ ላይ ያዘጋጀችላቸው ሰሌዳ የመነጽራቸውን፣ የሻይ ፔርሙዛቸውንና የጓደኞቻቸውን ፎቶ የያዘ ሆኖ፣ እያንዳንዱ ፎቶ ሲነካ በወንድማቸው ድምፅ በአማርኛ ይናገራል፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ቁጥሮቹ በፈረንሳይኛ ተቀድተዋል። የትኛውም ውድ መተግበሪያ እንዲህ ያለውን ቅልቅል አስቀድሞ አዘጋጅቶ አይመጣም።

ማንበብና መጻፍ ለሚችል ሰው

ለዚህ ሰው ቀላሉ መንገድ ጽፎ ማሳየት ነው። በአንድሮይድ ስልክ ላይ ጂቦርድ የሚባለው የጉግል ኪቦርድ አማርኛ ስላለው፣ በማስታወሻ መጻፊያ ላይ ጽፎ ፊደሉን አጉልቶ ለባለሱቁ ወይም ለባጃጅ ሹፌሩ ማሳየት ምንም ወጪ የለውም። ጉድለቱም ግልጽ ነው፤ አንባቢ ይፈልጋል፣ ጀርባውን ለሰጠ ሰው አይሠራም፣ ቀትር ላይ በቀፊራ ፀሐይ ስክሪኑ አይታይም።

የተጻፈውን በድምፅ የሚያወጣ ስልክ ለሚፈልግ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ነጻ የንግግር ሞተር ነው፤ አማርኛ ያነባል፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ በአሮጌ ስልክ ላይም አይከብድም። ድምፁ ግን የብረት ድምፅ ነው፤ ለምዶት የሚሰማው ቤተሰብ ይከተለዋል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ሰው ግን ግማሹ ያመልጠዋል። ሁለተኛው የማይክሮሶፍት የአማርኛ ድምፆች ናቸው፤ የሴቷ መቅደስ፣ የወንዱ አምሀ ይባላሉ፣ በኤጅ ብራውዘር የማንበቢያ አገልግሎት ላይም ይገኛሉ። ለሰው ድምፅ በጣም የቀረቡ ናቸው፤ ሶማልኛም በተመሳሳይ ጥራት አላቸው፤ ነገር ግን የሚሠሩት በኢንተርኔት ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ኔትወርኩን ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተው በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በዚሁ በድሬዳዋ ነበር፤ ስለዚህ ከተማው ውስጥ በሁለት ሲም ካርድ መጠቀም ይቻላል። ቢሆንም ዳታ ያልቃል፣ መብራት ይጠፋል፤ የሰው ድምፅ የሚያህል ነገር ደግሞ በዳታ ማለቅ መቋረጥ የለበትም። እኔ ብሆን ቤት ውስጥ በመቅደስ ወይም በአምሀ ተጠቅሜ፣ ከቤት ለመውጣት ኢስፒክን በስልኩ ላይ ጭኜ እይዝ ነበር።

በሁለቱም ላይ የሚታይ አንድ ችግር አለ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ስለማይለይ ማሽኑ አንዳንዴ ይሳሳታል፤ ልደትን ለማለት «ገና» ብሎ የጻፈ ሰው ድምፁ «ገና አልደረሰም» እንደሚባለው አላልቶ ሲያነብበት ሊሰማ ይችላል። መፍትሔው ደጋግመው የሚያስፈልጉ ዐረፍተ ነገሮችን አስቀድሞ አስነብቦ መስማት፣ የተበላሸውንም በሌላ ቃል መተካት ነው።

ስልክ ከመግዛት በፊት ደግሞ ሻጩ ፊት ሊሠራ የሚገባው ሙከራ አለ። በስልኩ ቅንብር ውስጥ «ከጽሑፍ ወደ ንግግር» የሚለውን ክፍል ከፍቶ በቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ አማርኛ መኖሩን ማየትና የናሙና ድምፁን ማሰማት ያስፈልጋል። ከስልክ ስልክ ይለያያልና የሻጩ «አለው፣ አለው» በቂ ማስረጃ አይደለም።

የሥዕል ሰሌዳ፦ ዋናው ምርጫ

ለማያነብ ልጅና ፊደል ለጠፋበት አዋቂ የሚያገለግለው በስክሪን ላይ በተደረደሩ ሥዕሎች የሚሠራ ሰሌዳ ነው፤ ሥዕሉ ሲነካ ስልኩ ይናገራል። እዚህ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም አብዛኛው ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ነው።

በዓለም ላይ የታወቁት ሰሌዳዎች ለእንግሊዝኛ አገባብ የተሠሩ ናቸው። «እኔ»፣ «መፈለግ»፣ «ውሃ» የሚሉ ሦስት ሥዕሎች በቅደም ተከተል ሲነኩ በእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ይሆናሉ፤ በአማርኛ ግን «እኔ መፈለግ ውሃ» የሚል የተሰባበረ ነገር ይወጣል። የእኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ ማን እንደሆነም በራሱ ውስጥ ይይዛል፤ እፈልጋለሁ፣ አልፈልግም፣ ትፈልጊያለሽ እያለ ይለዋወጣል። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን ሰሌዳ አንድ በአንድ ወደ አማርኛ መገልበጥ ልጁን የተሳሳተ አማርኛ ማስተማር ነው። የሚያዋጣው ከሁለት አንዱ ነው። ወይ እያንዳንዱ ሥዕል ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይናገር፤ የውሃ ሥዕል «ውሃ እፈልጋለሁ» ይበል። ወይ ደግሞ ስሞቹ በግራ በኩል ተደርድረው፣ በቀኝ በኩል እንደሚነገሩት ተለዋውጠው የተጻፉ ጥቂት ግሦች ይቀመጡ፦ እፈልጋለሁ፣ አልፈልግም፣ ስጡኝ፣ አለቀ፣ የት አለ። የመጀመሪያው በሕመም ለደከመ አዋቂ ይፈጥናል፤ ሁለተኛው ግን «ኳስ የት አለ»፣ «ሻይ አለቀ» እያለ የራሱን አነጋገር የሚሠራ ልጅ ያሳድጋል። ልጅ ላለው ቤት ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ከነጻዎቹ መካከል ሁለቱን አነጻጽራለሁ። ሲቦርድ በስልክም በብራውዘርም የሚከፈት፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ በዩኒሴፍ የኢኖቬሽን ፈንድ የተደገፈ መተግበሪያ ነው። ጥሩነቱ ቀላልነቱ ነው፤ እያንዳንዱ ሥዕል የሚታይ ጽሑፍና የሚነገር ጽሑፍ ለየብቻ ስላለው፣ ከሥዕሉ ሥር «ውሃ» ጽፎ የሚነገረውን «ውሃ እፈልጋለሁ» ማድረግ ይቻላል፤ በማሽን ድምፅ ምትክ የሰው ድምፅ መቅዳትም ይቻላል። ሁለተኛው በቪየና ከተማ በሚገኝ የተግባራዊ ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተጀመረው አስቴሪክስ ግሪድ ነው። ይህም ነጻ ነው፤ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ድምፅ ይቀዳል፤ ጣቱን በትክክል ማሳረፍ ለማይችል ሰው ሥዕሎቹን በየተራ እያበራ አንዲት ቁልፍ ብቻ በመጫን እንዲመርጥ ማድረግ በሲቦርድም አለ፤ አስቴሪክስ የሚበልጠው ግን ለእንዲህ ዓይነቱ አመራረጥ ብዙ አማራጭ ስላለው ነው። ዋጋው በገንዘብ ሳይሆን በጊዜ ይከፈላል፤ የማዘጋጃ ገጾቹ ብዙ ስለሆኑ ኮምፒውተር የለመደ ወጣት ዘመድ አጠገብ መኖር አለበት። እጁ ደህና ለሆነ ሰው ሲቦርድ ይበቃል፤ እጁ ለሚንቀጠቀጥ ወይም ለሚገታ አስቴሪክስ ድካሙን ይክሳል።

ሥዕሎቹ በብዛት የሚመጡት አራሳክ ከተባለው የስፔን የአራጎን ክልላዊ መንግሥት ስብስብ ነው፤ ለንግድ እስካልዋለ ድረስ ማተምና ማባዛት ነጻ ነው። ለ«መተኛት»፣ ለ«መታጠብ» እና ለ«ሕመም» ጥሩ ናቸው። ለምግብ፣ ለሰውና ለቦታ ግን የራስን ፎቶ ማንሳት ይሻላል፤ ልጁ የሚያውቀው የቤቱን ብርጭቆ፣ የአያቱን ፊትና የሰፈሩን ሱቅ እንጂ በአውሮፓ የተሣለ ቤት አይደለም።

የማን ድምፅ ይቀዳ? በኔ እምነት በአማርኛ የሥዕል ሰሌዳ ላይ የተቀዳ የሰው ድምፅ ዛሬም ከማሽኑ ይሻላል፤ በሐረሪኛ ወይም በቤት ውስጥ በሚነገር ቅልቅል ለሚግባባ ቤተሰብማ ያለው ብቸኛ አማራጭ እርሱ ነው። ለስምንት ዓመት ወንድ ልጅ የእናቱ ድምፅ ከሚሆን በዕድሜ የሚቀርበው የአጎቱ ልጅ ወይም የጎረቤት ልጅ ቢቀዳለት፣ ሜዳ ላይ ሲጠቀምበት አያፍርም። ጾታም አብሮ መታየት አለበት፤ ለሴት ልጅ «ደክሞኛል»ን በወንድ ድምፅ ማናገር ሌላ ሰው የሚናገርላት ያስመስላል። ስለ አንቱታ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ድሬ ላይ ታላቁም ታናሹም «አንተ» ስለሚባባል «ስጡኝ» ከሚለው ይልቅ «ስጠኝ»ና «ስጪኝ» የበለጠ ሊያገለግሉ ይችላሉ። አዲስ አበባ ዘመድ ለሚጎበኝ ልጅ ብቻ አክብሮታዊው ተጨማሪ ገጽ ላይ ይቀመጥ።

ሰሌዳውን በ«ውሃ፣ ምግብ፣ ሽንት ቤት» ብቻ መሙላት የተለመደ ጉድለት ነው። ሰው የሚናገረው ለመለመን ብቻ አይደለምና መቃወሚያ፣ መቀለጃና መጠየቂያም ያስፈልገዋል። «አልስማማም»፣ «ቆይ አልጨረስኩም»፣ «አንተስ?»፣ «አቦ ተወኝ!» የሚሉት አራት ሥዕሎች ከሃያ የምግብ ሥዕሎች የበለጠ ጥቅም ላይ ሲውሉ አይቻለሁ።

ውድ የሚባሉት

ፕሮሎኮ ቱ ጎ እ.ኤ.አ. በ2009 በኔዘርላንድ ድርጅት የወጣ፣ እንደ አይፎንና አይፓድ ባሉ የአፕል ዕቃዎች ላይ ብቻ የሚሠራ፣ ዋጋው 250 ዶላር ገደማ የሆነ መተግበሪያ ነው። የቃላቱ አደረጃጀት በብዙ ባለሙያዎች የተመሰገነ ነው፤ ነገር ግን የተዘጋጀባቸው ቋንቋዎች እንግሊዝኛ፣ ስፓኒሽ፣ ፈረንሳይኛና ደች ናቸው። በውጭ ዘመድ ያለው፣ ልጁ በእንግሊዝኛ የሚማርና አይፓዱም የተላከለት ቤተሰብ ሊያስብበት ይችላል። ቤቱ በአማርኛ ለሚግባባ ግን በዚያ ገንዘብ ጥሩ አንድሮይድ ታብሌት፣ ጠንካራ ሽፋን፣ ስፒከርና ፓወር ባንክ መግዛት የተሻለ ነው ባይ ነኝ።

እጅ ለማይታዘዝ ሰው

ሉክ ቱ ስፒክ የሚባለው የጉግል መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2020 ወጣ፤ በስልኩ የፊት ካሜራ የዓይንን አቅጣጫ እያየ ግራ ወይም ቀኝ በማየት ዐረፍተ ነገር ያስመርጣል፣ አንድሮይድ 9 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፣ ነጻ ነው። ዐረፍተ ነገሮቹን መቀየር ቢቻልም የሚናገረው በስልኩ ድምፅ ስለሆነ ከላይ የተነገረው የአማርኛ ሙከራ እዚህም መደረግ አለበት። አፕል በአይኦኤስ 18፣ እ.ኤ.አ. በ2024፣ በዓይን መቆጣጠርን ከአይፎን 12 ጀምሮ ባሉት ላይ አስገብቷል፤ መላውን ስልክ ስለሚያዝ ይሰፋል፣ ዋጋው ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱም የፊት ብርሃን ይወዳሉ፤ ከጀርባ መስኮት ካለ ካሜራው ዓይንን በደንብ አያይም። አንገት ወይም አንድ ጣት ብቻ ለሚንቀሳቀስ ሰው በአንድሮይድ ውስጥ ያለው ስዊች አክሰስ ይቀድማል፤ የስልኩን የድምፅ ቁልፍ ራሱን እንደ መምረጫ አድርጎ መጠቀም ያስችላል፣ የሚገዛ ነገር የለውም።

ድምፃቸው ገና ላልጠፋ

እንደ ኤ.ኤል.ኤስ. ያለ፣ ንግግርን ቀስ በቀስ የሚወስድ በሽታ የተገኘበት ሰው ወይም ማንቁርቱ ሊወጣ ቀጠሮ የተያዘለት ሰው ሊያደርገው የሚገባ ነገር አለ። አይፎን እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የሰውን ድምፅ ቀድቶ የሚመስለው ድምፅ የሚሠራ አገልግሎት አለው፤ አማርኛን ግን አይጨምርም። ስለዚህ ተራውን የድምፅ መቅጃ ከፍቶ፣ ጸጥ ባለ ክፍል፣ በየቀኑ የሚላቸውን ነገሮች፣ የልጆቹን ስም፣ ምርቃቱንና ሳቁን ሳይቀር በራሱ ድምፅ ቀድቶ በሲቦርድ ሥዕሎች ላይ ማስቀመጥ ይሻላል። ይህ ጊዜ አይሰጥም፤ መተግበሪያ እስኪመረጥ መጠበቅም አያስፈልገውም፣ ቅጂው በኋላ ከየትኛውም ጋር ይሠራል።

ያልጠራ ንግግርን ሰምተው የሚያጠሩ መተግበሪያዎችም አሉ፤ የጉግሉ ፕሮጀክት ሪሌት ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የተጀመረ ነው። ለአማርኛ ተጠቃሚ ዛሬ ጊዜ የሚጠፋበት አይደለም።

«ስልኩን ከለመደ መናገር ይተዋል» የሚለው ስጋት

ይህን ስጋት የማይነግረኝ ወላጅ የለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ሚላር፣ ላይትና ሽሎሰር ባሳተሙት፣ በሥዕል፣ በእጅ ምልክትና በመሣሪያ መግባባትን የሚመለከቱ ጥናቶች ግምገማ ጠንካራ ማስረጃ ከተገኘባቸው 27 ሰዎች መካከል በአንዱም ላይ ንግግር አልቀነሰም፤ በ89 በመቶው ላይ ጨመረ፣ በ11 በመቶው ላይ ባለበት ቆየ። ጭማሪው በአብዛኛው መጠነኛ ነበርና ስልኩ ልጁን ያናግረዋል ብሎ ተስፋ መስጠት አይገባም፤ ይከለክለዋል ብሎ መንፈግ ግን ማስረጃ የለውም። እውነተኛው አደጋ ሌላ ነው፤ ስልኩ ካርቱን የሚታይበትም ከሆነ ልጁ ሰሌዳውን ዘግቶ ዩቲዩብ ይከፍታል። በአንድሮይድ መተግበሪያ መቆለፊያውን፣ በአይፎን ጋይድድ አክሰስን መክፈት ስክሪኑን በሰሌዳው ላይ ብቻ ያስቀራል። ካርቱኑን በሌላ ስልክ ማሳየት ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል።

ዕቃው

ለልጅና እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ከስልክ ይልቅ ታብሌት፣ ለሚራመድና ወደ ገበያ ለሚወጣ አዋቂ ስልክ ይሻላል። ከካሜራውና ከፍጥነቱ በፊት የሚታየው ስፒከሩ ነው፤ አሸዋ ገበያ ጫጫታ ውስጥ «ኪሎው ስንት ነው?» የሚለው ቃል ካልተሰማ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ሱቁ በር ላይ ቆሞ፣ ባጃጆች እያለፉ፣ አንድ ክንድ ተኩል ርቀት ላይ ማሰማት ቀላል ፈተና ነው። ካልበቃ በአንገት የሚንጠለጠል ትንሽ ብሉቱዝ ስፒከር ይጨመርለት። ያገለገለ ስልክ መግዛት አይከፋም፤ ባትሪው ግን መታየት አለበት፣ የድሬ ሙቀትም ባትሪ ያደክማልና ፀሐይ ላይ ወይም መኪና ውስጥ መተው የለበትም።

ወረቀት

ከየትኛውም መገልገያ ጋር አንድ የወረቀት ሰሌዳ መኖር አለበት፤ ድል ጮራ ሆስፒታል ተኝቶ ስልኩ ቻርጅ ላይ ላለ ሰው ወረቀቱ ብቻ ነው የሚናገርለት። የሥዕሉን ሰሌዳ ስክሪን ቀድቶ አትሞ ላስቲክ ማልበስ ይበቃል። ለሚያነብ ሰው ግን ፊደል ገበታውን ሙሉ ማተም አያስኬድም፤ 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል፣ በጣት መፈለጉ ያደክማል። ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀ ካወጣን 28 ይቀራሉ፤ እነርሱን በግዕዝ ቅርጻቸው ብቻ በአራት ረድፍ ሰባት ሰባት አድርጎ ጽፎ፣ ከሥራቸው ከ1 እስከ 7 ቁጥር መደርደር ነው። ተጠቃሚው መጀመሪያ ፊደሉን፣ ቀጥሎ ቁጥሩን ያመለክታል፤ «መ» እና 3 ከሆነ «ሚ» ማለት ነው። ማመልከት የማይችል ከሆነ አድማጩ «አንደኛ ረድፍ? ሁለተኛ?» እያለ ይጠይቃል፣ እርሱም ዓይኑን በመጨፈን አዎ ይላል። አድማጩ የወጣውን ፊደል ጮክ ብሎ መናገር፣ ቃሉ ሳይጨርስ ከገመተም «ይህን ልትል ነው?» ብሎ መጠየቅ እንጂ በራሱ መጨረስ የለበትም።